በቦድዛ የተላከከ ጥፋት

በዛላ ኮረብቶች ያሉ አዳኞች አጋዘን አቁስለው ሲያጡ የሚደውሉት ለአንድ ሰው ነበር፤ ለቬንደል። ዕድሜው ስልሳ ሁለት ነው። ከደን ጥበቃ ሥራው ጡረታ ከወጣ በኋላ ቶልጄሽ በምትባለው መንደር ጫፍ፣ ከሚስቱ ከኤቴልና ቦድዛ ከምትባል አነፍናፊ ውሻው ጋር ይኖራል። ቦድዛ ጆሮዋ የተንዘረፈፈ፣ ግንባሯ የተሸበሸበ ዳማ ውሻ ናት። ዓይኗን ያየ ሰው ሁሉ አሁን አልቅሳ የጨረሰች ይመስለዋል። እንደ ሌሎቹ የአደን ውሾች ዱካ ባገኘች ቁጥር አትጮህም፣ አታባርርም። ሰፊውን የቆዳ ማሰሪያ አንገቷ ላይ ሲያጠልቁላት ሥራ መሆኑ ይገባታል። አፍንጫዋን መሬት ላይ ደፍታ፣ ረጅሙን ጠፍር እየጎተተች፣ ትናንት የፈሰሰ ደም ዛሬ ተከትላ ታገኛለች። አጋዘኑ ወይ ሞቶ ይገኛል፤ ወይ ሲያጣጥር ይደርሱበትና ቬንደል ይገላግለዋል።

ያን ዓመት በመስከረም፣ ወንዶቹ አጋዘኖች በየሸለቆው በሚያገሱበት ሰሞን፣ ቬንደልና ቦድዛ ሦስት መቶኛቸውን አገኙ። የአውራጃው የአዳኞች ማኅበር ይህን ሰምቶ ሊያከብረው ወሰነ። ግብዣው ቅዳሜ በስድስት ሰዓት፣ ከቶልጄሽ የአርባ ደቂቃ መንገድ በሆነው ከተማ ነበር።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ ቬንደል፣ ኢልካ ነኝ፣ የመድኃኒት ቤቷ። አንድ ነገር አድርጌያለሁ።»

ኢልካን ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቃታል። አባቷ ሲሞት ጠመንጃውን ለእሷ ተወላት። እሷም ፈተናውን ተፈትና የአዳኝነት ፈቃድ ካወጣች ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። እስከዚያ ቀን ትልቅ አጋዘን ተኩሳ አታውቅም።

«ረጋ በይ። ወደቀ?»

«አልወደቀም። ጀርባውን ጎበጥ አድርጎ ቀስ እያለ ደኑ ውስጥ ገባ።»

ቬንደል ዓይኑን ጨፈነ። ጀርባውን የሚያጎብጥ አጋዘን ሆዱን የተመታ ነው። ይህን ለማወቅ ሠላሳ ዓመት ደን ውስጥ መኖር አያስፈልግም።

«እንዳትከተይው። አሁን ከተከተልሽው ይሮጥብሻል። ቦታውን ምልክት አድርጊና ቤትሽ ግቢ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እዚያው እንገናኝ።»

ስልኩን ሲዘጋ ኤቴል ከምድጃው ፊቷን አዞረች።

«ነገ ግብዣ እንዳለብህ ረስተኸዋል?»

«በስድስት ሰዓት እኮ ነው። እደርሳለሁ።»

«ሸሚዝህን ተኩሼ ሰቅዬዋለሁ። ጭቃ ይዘህብኝ እንዳትመጣ።»

«በዚህ ሳምንት ተኩሶ ያልሳተ አንቺ ብቻ ነሽ» አላትና ሳቁ።

ጠዋቱ ጭጋጋም ነበር። ኢልካ አዳኞች ከሚያደቡበት የእንጨት ማማ ሥር እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ ቆማ ትጠብቀው ነበር። አጋዘኑ የቆመበት ቦታ ላይ፣ ከአንድ ቀንበጥ ነጭ መሐረብ አስራለች።

«ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም» አለች።

«ተኝተሽ ቢሆን ነበር የምታዘብሽ።»

ቬንደል ተንበርክኮ ሣሩን አየ። አጠርና ነጣ ያለ ጠጉር፣ የሆድ ጠጉር፣ ተቆርጦ ወድቋል። ደሙ ጥቂት ነው። ለቦድዛ ማሰሪያዋን አጠለቀላትና «ፈልጊ፣ እናቴ» አላት። እሷም አፍንጫዋን ደፍታ ጀመረች።

ዱካው ጠመዝማዛ ነበር። በሉጥ ዛፎቹ ሥር ለሥር ሄዶ፣ ሜዳ አቋርጦ፣ ዞሮ ደግሞ ወደ ደኑ ተመለሰ። ቦድዛ ጠብታ ባገኘች ቁጥር ትቆማለች። አፍንጫዋን ከጠብታው አጠገብ አድርጋ ቬንደል ጎንበስ ብሎ እስኪያይላት ድረስ አትነቃነቅም። «አየሁ፣ ጎበዝ» ሲላት ትቀጥላለች። ከቡችላነቷ ጀምሮ የተማሩት እንዲህ ነው፤ እሷ ታሳየዋለች፣ እሱም ያምናታል። ኢልካ አሥር እርምጃ ያህል ከኋላ ትከተላለች። ምክንያቱም ሕጉ እንደዚያ ነው፤ ከውሻና ከባለ ውሻ ፊት ማንም አይቀድምም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከአንድ ፈፋ አፋፍ ደረሱ። ታችኛው ወገን በእንጆሪ እሾህ ተሸፍኗል፤ ሰው በእጁና በጉልበቱ ካልሆነ አይገባበትም። ቬንደል ሰዓቱን አየ። እዚህ ከገባሁ መቼ ወጥቼ፣ መቼ ታጥቤ፣ መቼ ልደርስ ነው አለ በልቡ። አውራጃው በሙሉ ይሰበሰባል። አለቃው የነበረው ሰው እንኳ ከሩቅ ሊመጣ ነው።

ቦድዛ ቆመች። አንድ የወደቀ ቅጠል ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጠብታ ነበረች። ጠቆር ያለች ቡኒ ናት፤ መሀሏ ላይ የታኘከ ሣር የመሰለ አረንጓዴ ነገር አለባት። ከጨጓራ የወጣ ነው። አጋዘኑ ሆዱ ተቀዶ፣ ውሃ ጠምቶት፣ ወደ ፈፋው ወርዷል ማለት ነው። ሩቅ አይሄድም። ምናልባትም አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ እዚያ ታች ጆሮውን ቀጥ አድርጎ እያዳመጣቸው ነው።

ቦድዛ ቀና ብላ አየችው። አየሁ፣ ጎበዝ እንዲላት ትጠብቃለች።

ቬንደል ቦት ጫማውን አነሳና ቅጠሉ ላይ አሳረፈው።

«ምን አገኘች?» አለች ኢልካ ከኋላ።

«ምንም። የሌላ አውሬ ጠረን ነው። ደሙ ከቆመ ቆይቷል።» ድምፁ የራሱ አልመስልህ አለው። «ስሚኝ ኢልካ፣ ጥይትሽ ቆዳውን ጫር አድርጎት ነው ያለፈው። በሳምንቱ ይሽርለታል።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሦስት መቶ አጋዘን ፈልጌያለሁ፣ ልጄ።»

ኢልካ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ከዚያ መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመችበት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ ቬንደል። ስቃይ ላይ ጥዬው ያደርኩ መስሎኝ ነበር።»

ቦድዛ ግን አልሄድም አለች። አራት እግሯን ተክላ ወደ ፈፋው ትስባለች። ቬንደል ጠፍሩን ሁለቴ ጎተተ፣ ሦስቴ ጎተተ። በመጨረሻ እንደ በግ በክንዱ ታቅፎ እስከ መኪናው ተሸከማት።

«ደክሟት ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

በግብዣው ላይ የአውራጃው ማኅበር ሊቀመንበር ብርጭቆውን አንስቶ፣ «ይህ ሰው አንድም ቁስለኛ ጥሎ ወደ ቤቱ ገብቶ አያውቅም» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ደመቀ። የውሻ ምስልና ስሙ የተቀረጸበት የእንጨት ሰሌዳ ተሰጠው። በቀይ በርበሬ የተሠራውን የሥጋ ወጥ በፕሪም አረቄ አወራረደው። ከጠረጴዛው ሥር ለቦድዛ አንድ ሙዳ ሥጋ ዘረጋላት። ተቀበለችውና ጣቶቹን ላሰችው። ብትነክሰው ይሻለው ነበር።

ኢልካ ይድናል ብትባልም ልቧ አላረፈም። ከሥራ በኋላ በየቀኑ ወደ ደኑ እየሄደች ትዞር ነበር። ማክሰኞ ዕለት ከፈፋው በላይ ቁራዎች ሲያንዣብቡ አየች። እሾሁ ልብሷን እየቀደደው ወረደች። አጋዘኑን ከፈፋው ግርጌ ካለው ምንጭ ዳር ሞቶ አገኘችው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የመንደሩ አዳኞች ማኅበር በመጠጥ ቤቱ ጓዳ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ኦዶን፣ የእንጨት መሰንጠቂያው ባለቤት፣ ከቬንደል ጋር አብሮ አደግ ነው። ከጎረቤት መንደር ደግሞ ካዝሜር የሚባል ሌላ ባለ ውሻ ነበረ። አጋዘኑን እንዲመረምር የተጠራው እሱ ነው። ካዝሜር ጥሩ ሰው ነው፤ ቬንደልን እንደ አስተማሪው ነው የሚያየው።

«ሆዱን ነው የተመታው» አለ ካዝሜር ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሦስት ቦታ ተኝቶ ተነስቷል። እንደ እኔ ግምት እስከ እሑድ በሕይወት ነበረ። ጋሼ ቬንደል ከቆሙበት ቦታ አራት መቶ እርምጃ አይሞላም።»

ኢልካ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፊቷ በእሾህ ተጫጭሯል። አንገቷን አላቀናችም።

ኦዶን ጉሮሮውን ጠራረገ። «ማንም አንተን አይጠረጥርም፣ ቬንደል። ግን ለመዝገቡ ነው፣ ምን ተፈጠረ?»

ቬንደል ሊናገር አስቦ ነበር የመጣው። ሙሉ ሌሊት ቃላቱን ሲያዘጋጅ ነው ያደረው። ቸኩዬ ነበር፤ አይቼ እንዳላየ ሆንኩ። ይህንኑ ሊል አፉን ከፈተ። ግን ዙሪያውን ያሉት ፊቶች በሙሉ ይወዱታል። ከአፉ የወጣው ሌላ ሆነ።

«ውሻዋ ናት» አለ። «ሌላ ትኩስ ዱካ ያዘችብኝ። አልነገርኳችሁም እንጂ፣ ካለፈው ክረምት ጀምሮ አፍንጫዋ እየደከመ ነው።»

ቦድዛ እግሩ ሥር ተጋድማ ነበር። ስለ እሷ እንደሚወራ ገብቷት ይሁን ወይ የእሱን ድምፅ ሰምታ፣ ጅራቷን አንዴ መሬቱ ላይ መታ አደረገች።

ክፍሉ በሙሉ እፎይ አለ። «አይ ቬንደል፣ ይኼን ለብቻህ ይዘኸው ከረምክ?» አለ ኦዶን። «የእኔዋ ውሻ በአምስት ዓመቷ አይደል እንዴ ጆሮዋ የደነቆረው።» አንዱ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሌላው አረቄ ቀዳለት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንደሚሉት ሆነ፤ እምዬዋ ደግሞ አፍ የላትም።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ። አዳኞቹ ለካዝሜር መደወል ጀመሩ። ቬንደልን ላለማሳዘን ብለው እንጂ ንቀውት አልነበረም። ቦድዛ ግን በየጠዋቱ ማሰሪያው ከተሰቀለበት ሚስማር ሥር ሄዳ ትቀመጣለች።

አንድ ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ጠዋት ኤቴል ዳቦ እየቆረጠች፣

«ይቺ ውሻ ትናንት ከሦስት በር ጀርባ፣ ጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ቋሊማ አውጥታ በላች» አለች።

«እሺ?»

«እሺ ምን እሺ ትለኛለህ። አፍንጫዋ ደክሟል ነው የተባለው። ይኼ ደክሞ ነው? ደህና ቢሆንማ ሥጋ ቤቱን በርግዳ በገባች ነበር።» ቢላዋውን አስቀመጠችና ትኩር ብላ አየችው። «እኔ አልጠይቅህም። ስትፈልግ ትነግረኛለህ።»

አልነገራትም። ሰሌዳውን ግን ከግድግዳው አውርዶ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አስቀመጠው።

ቅዳሜ ኢልካ መጣች። በወረቀት የተጠቀለለ የጥጃ አጥንት ይዛለች።

«ለቦድዛ ነው» አለች። «ጋሼ ቬንደል፣ እንዳይቆጧት እሺ? እሷ ምን ታድርግ። አርጅታ ነው። የእኔ ነው ጥፋቱ። ደህና አድርጌ ብተኩስ ኖሮ ማንም ማንንም መፈለግ ባላስፈለገው።»

ከዚያ በሩ ላይ እንደቆመች፣ ጠመንጃውንና ፈቃዱን ልትመልስ ማመልከቻ መጻፏን ነገረችው። እጇን ማመን እንዳቃታት፣ መድኃኒት ስትመዝን እንኳ እንደሚንቀጠቀጥባት፣ አባቷ ቢኖር ምን ይል እንደነበር ሁልጊዜ እንደምታስብ ነገረችው። ቬንደል አጥንቱን ተቀብሎ ቆመ። «አይዞሽ» አላት። ስትሄድ አጥሩ ላይ ተደግፎ ለረጅም ጊዜ ወደ ቤት ሳይገባ ቀረ።

ማክሰኞ ኦዶን ደወለ፤ ድምፁ የሠርግ ቤት ይመስላል። «ተቀመጥ። ልንነግርህ አልነበረም፣ ግን እኔ አፌ አያርፍም። ማኅበሩ ቡችላ ሊሰጥህ ወስኗል። ከደህና ዘር ናት። በመጪው ቅዳሜ እናመጣልሃለን። ቦድዛም ከእንግዲህ ምድጃ ሥር ትረፍ፣ ደክማለች።»

«ኦዶን፣ እኔ...»

«ምስጋና አልፈልግም። በል ቻው።»

ቬንደል ስልኩን አስቀምጦ ተነሳ። ማሰሪያውን ከሚስማሩ አወረደ። ቦድዛ ከደስታዋ የተነሳ እግሩ መሀል ገብታ ልትጥለው ምንም አልቀራት።

መኪናውን ማማው ሥር አቁሞ እስከ ፈፋው አፋፍ በእግሩ ወሰዳት። ቅጠሉ የነበረበትን ቦታ አልተሳሳተም። ሰዓቱን አየና «ፈልጊ» አላት። ሁለት ሳምንት አልፎታል፣ ዝናብም ዘንቧል። ሌላ ውሻ ቢሆን ግራ ይጋባ ነበር። ቦድዛ ግን ያን ቀን ካቋረጠችበት ቀጠለች። እሾሁ ውስጥ በደረቷ ገባች፤ እሱም እየተንፏቀቀ ተከተላት። አንድ ቦታ ቆመች፤ ሣሩ ተጋድሟል። የመጀመሪያው መኝታ ነው። ጎንበስ ብሎ አየ። «አየሁ» አላት። ሁለተኛው ላይ ቆመች። «አየሁ» አላት። ሦስተኛው ከምንጩ አንድ ክንድ አይርቅም። መሬቱ ላይ የሰኮናው ቁፋሮ ይታያል። አጋዘኑ ውሃው ጋ ለመድረስ ታግሎ እንደነበር ለቬንደል ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

ሰዓቱን ደግሞ አየ። ሃያ አምስት ደቂቃ።

ያን ቀን ወርዶ ቢሆን ኖሮ አራት ሰዓት ሳይሞላ አጋዘኑን ገላግሎት ነበር። አምስት ሰዓት ሳይሆን ቤቱ ገብቶ፣ ታጥቦ፣ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ፣ ግብዣው ላይ ከሁሉም ቀድሞ ይቀመጥ ነበር። ምንም የሚያጣው ነገር አልነበረም። ስንፍናውና ጥጋቡ እንኳ ለምንም አልነበረም። ከጭቃው ላይ ተቀመጠና ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ደን ውስጥ ማንም አያየውም፤ ሆኖም ጆሮው እስኪግል ድረስ አፈረ። ቦድዛ ውሃ ጠጥታ መጥታ አጠገቡ ተጋደመች።

ከዚያ እንደቆሸሸ በቀጥታ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄደ። ሮዛሊያ የምትባል አሮጊት ኢልካን ስለ ጉልበት ቅባት ትሟገታት ነበር።

«ይኼኛው ይሸታል።»

«የፊተኛውም ይሸት ነበር እኮ፣ እማማ ሮዛሊያ።»

«የፊተኛው ሲሸት ደስ ይል ነበር።» ዞር ብላ ቬንደልን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ይኼኛው ግን እንደ ቬንደል ነው የሚሸተው» ብላ ቅባቷን ይዛ ወጣች።

ኢልካ ፈገግ እንዳለች ነበር። «ምን ሆነዋል? ወደቁ እንዴ? እጅዎ ደምቷል።»

«ኢልካ፣ የቦድዛ አፍንጫ ምንም አልሆነም።»

ኢልካ ፋሻ ልታነሳ የዘረጋችውን እጅ መለሰች።

«ፈፋው አፋፍ ላይ የሆድ ዕቃ ጠብታ አሳየችኝ። አየሁት። አንቺ እንዳታዪው ረገጥኩት።» ቃላቱን እንደ ድንጋይ አንድ በአንድ አወጣቸው። «ግብዣው እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው። ማታውኑ በስልክ ጀርባውን አጎበጠ ስትዪኝ ሆዱን መመታቱን አውቄ ነበር። ዛሬ ወረድኩ። ሃያ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።»

ኢልካ ከባንኮኒው ጀርባ ወጣች። የበሩን ሰሌዳ «ዝግ ነው» ወደሚለው ገለበጠችው። ተመልሳ ግን ወደ እሱ አልቀረበችም፤ መሀል ላይ ቆመች።

«ያኔ በሕይወት ነበረ?»

«አዎ።»

«እኔን ይድናል አሉኝ፤ አንገትዎ ላይ ተጠምጥሜ አመሰገንኩዎት።»

«አዎ።»

«ስብሰባው ላይ ፊቴን እያዩ በውሻዋ አላከኩ። ቤትዎ ድረስ አጥንት ይዤ መጣሁ። እንዳይቆጧት ብዬ ለመንኩዎት።» ድምጿ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለው ነበር። «አይዞሽ አሉኝ።»

ቬንደል ኮፍያውን በእጁ ይዞ ወለሉን አየ። ከቦት ጫማው የወደቀው ጭቃ ንጹሕ ወለሏ ላይ ተበትኗል።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«ጠይቀዋል። አሁን ይውጡልኝ።»

ወጣ።

ማታ ለኤቴል ነገራት። እስኪጨርስ ሰማችው። «ቡችላዋን ከማምጣታቸው በፊት ሂድ» አለችው። በማግስቱ የማኅበሩ ሰዎች በተሰበሰቡበት ሄደና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረ። ሰሌዳውንም ይዞ ሄዶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ኦዶን ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። «ባለፈው እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ነው ያዘንንልህ» አለ። «ደግሞ ይኼን እንጨት ምን ላድርገው? ልፍለጠው?»

ካዝሜር ሰሌዳው ላይ የተቀረጸውን ውሻ ተመለከተ። «ውሻ አይናገርም ብለው ነው» አለ።

«አዎ» አለ ቬንደል።

ስሙን ለሁለት ዓመት ከፈላጊዎች ዝርዝር ሰረዙት። ማንም አልተከራከረም፤ እሱም አልተከራከረም። ሲወጣ ሰሌዳውን እዚያው ጠረጴዛው ላይ፣ ከቢራ ብርጭቆዎቹ መሀል ተወው። ኦዶን ከዚያ ወዲህ አላነጋገረውም። መንገድ ላይ ሲገናኙ የእንጨት ዋጋ የሚያሰላ ይመስል ወደ ሰማይ ያያል።

ካዝሜር ቦድዛን ልውሰድና ላሠራት ብሎ ጠየቀ። ቬንደል ሁለት ቀን አሰበበት፤ እሷ ሥራ ማጣት የለባትም። ሊሰጠው ሲል ኢልካ በሩ ላይ ቆመች። አንገቷ ላይ የአባቷ የደን ካፖርት ኮሌታ ተቆልፏል።

«ጠመንጃውን አልመለስኩም» አለች። ጋሼ አላለችውም፤ እርስዎ ማለቱን ግን አልተወችም። «ካዝሜር ስለ ቦድዛ ነግሮኛል። ጠፍሩን መያዝ መማር እፈልጋለሁ። ከእሷ ነው የምማረው። እርስዎ ከኋላ ይመጣሉ፣ ያለ እርስዎ አትሄድልኝምና። ካልጠየቅኩዎት አይናገሩም።»

«እሺ» አለ ቬንደል።

«ይኼ ይቅርታ አይደለም።»

«ገብቶኛል።»

ጥቅምትን በሙሉ በሳምንት ሁለት ቀን ተለማመዱ። በኅዳር አንድ እሑድ ከእንጨት መሰንጠቂያው አጠገብ መኪና አንዲት ሚዳቋ ገጭቶ፣ ሚዳቋዋ እያነከሰች ጠፋች። ካዝሜር ሌላ ሥራ ላይ ስለነበር ለኢልካ ደወለላት። ጭጋጉ እስከ ወገብ ነበር። ኢልካ ጠፍሩን ይዛ፣ ቬንደል አሥር እርምጃ ከኋላ፣ ጉድጓድ ለጉድጓድ አንድ ሰዓት ተኩል ሄዱ። አንድ ቦታ ላይ ቦድዛ ቆመችና ወደ ኋላ ዞራ ቬንደልን አየች። ቬንደል ዓይኑን ወደ መሬት አወረደ። ኢልካ ተንበርክካ ሣሩን ከፈለችው፤ አገኘች፤ «አየሁ፣ ጎበዝ» አለች። ቦድዛ ቀጠለች።

ሚዳቋዋን ከቁጥቋጦ ሥር አገኟት። ኢልካ እጇ ሳይንቀጠቀጥ ገላገለቻት። ከዚያ እንደ አዳኞቹ ልማድ፣ ለሞተችውና ላገኘቻት ክብር፣ ከጥድ ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጣ፣ ከፍላ፣ ግማሹን ሚዳቋዋ አፍ ውስጥ አኖረች፤ ሌላውን ቦድዛ ማሰሪያ ላይ ሰካችላት። ቬንደል ኮፍያውን አውልቆ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር።

«ይሸከሟታል?» አለችው ኢልካ።

«እሸከማታለሁ።»

ሚዳቋዋን ትከሻው ላይ አድርጎ ተከተላት። ከኦዶን መጋዘን ፊት ለፊት ሲያልፉ ኦዶን ብቅ አለ።

«ማን አገኛት?» አለ፣ ወደ ኢልካ እያየ።

«ቦድዛ» አለች ኢልካ።

ኦዶን ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቬንደልን ዓይኑን አየው። ቬንደል የሚዳቋዋን እግሮች እንደያዘ ራሱን ነቅንቆ ሰላም አለው። ኦዶንም ጥቂት አመነታና ራሱን ነቀነቀ፤ ተመልሶም ወደ ውስጥ ገባ። ሦስቱ መኪናው ወዳለበት ሄዱ፤ ኢልካና ቦድዛ ከፊት፣ ቬንደል ከኋላ።